የዓሣ ነባሪ አዳኙን ምንጅላት ከየት እንጀምረው?

የልጆች እናት (ብሮክተን)፦
ሰላም ወገኖች። ባለቤቴ ዘሩ ከምዕራብ አፍሪካዋ የደሴቶች አገር፣ ከኬፕ ቨርድ ነው። ልጆቼ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ አባቴ ቁጭ አድርጎ አስጠንቷቸዋል። በአባታቸው በኩል ግን ምንጅላት ላይ ሲደርሱ ቀጥ። ሰውየው በፈረንጆቹ 1890ዎቹ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ከዚያው አገር ከብራቫ ደሴት በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ተቀጥሮ እዚህ ማሳቹሴትስ፣ ኒው ቤድፎርድ ወደብ ገባ ይባላል። የቤተሰቡ ስም ፔሪ ነው። ያለን አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ኮፍያው ጉልበቱ ላይ፣ የግራ እጁ አመልካች ጣት ግማሹ የለም። የባለቤቴ አባት «ገመድ ነው የበላው» ይላሉ። እህታቸው ደግሞ ዓሣ ነባሪው ነው ባይ ናቸው። ፔሪ የሚባል ብራቫ ውስጥ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

ዶርቼስተር ነኝ፦
እህቴ፣ ፔሪን ተዪው፣ ፔሬይራን ፈልጊ። እዚህ ሲደርሱ ፔሬይራው ፔሪ፣ ሮድሪጌሱ ሮጀርስ የሆነበት ቤት ስንት አለ! የኒው ቤድፎርድ ዓሣ ነባሪ አደን ሙዚየም የመርከበኞቹን ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል። ዕድሜ፣ ቁመት፣ የቆዳና የጸጉር ቀለም ሳይቀር አለበት።

መዝገብ አገላባጭ፦
ልክ ነው፤ ግን ያ ዝርዝር መርከቡ ከኒው ቤድፎርድ ሲነሳ የተሞላ ነው። መንገድ ላይ የተሳፈረ ላይኖርበት ይችላል። የብራቫ ልጆች ብዙዎቹ የተቀጠሩት ደግሞ እንዲያ ነው፤ ካፒቴኖቹ ስንቅ ሊሞሉ ደሴቷ ጋ ሲቆሙ የጎደለባቸውን ሰው እዚያው ይሞላሉ፣ በርካሽ። ስለዚህ ስሙን ብታጪው አትደንግጪ። እኔ ብሆን ከአሜሪካው ወረቀት ተነስቼ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ዜግነት ጠይቆ ከሆነ፣ ከ1906 መጨረሻ ወዲህ ያለው ቅጽ የትውልድ ቦታውን፣ የመጣበትን መርከብና ቀን ያስሞላል። በ1917 እና 1918 ደግሞ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ወንዶች ሲመዘገቡ የውጭ ዜጋም አልቀረም። ካርዱ የአካል ጉዳትም ይጠይቃል፤ ያቺ ጣት ተጽፋ ከተገኘች ሰውሽ እሱ ነው።

ዶርቼስተር ነኝ፦
ደብሩንም ጠይቂ። ብራቫ ሁለት ደብር ነው ያላት፤ ሳን ጁዋው ባቲስታና ኖሳ ሴኞራ ዱ ሞንቴ። የክርስትና መዝገቡ በየደብሩ ነው፤ ካላወቅሽ ሁለቱንም ማገላበጥ ነው።

የልጆች እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ! አሁን የባለቤቴን አባት ደውዬ ጠየቅኳቸው። አያታቸው «ሞንቴ» ይሉ እንደነበር ትዝ አላቸው። መጀመሪያ የ1918ቱን ካርድ ላግኝ። ለደብሩ መዝገብ ደግሞ የድሮ ፖርቱጋልኛ የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው አታውቁም?

ዶርቼስተር ነኝ፦
ባልሽስ?

የልጆች እናት፦
ባሌ የኬፕ ቨርዶቹን ቋንቋ፣ ክሪዮሉን ነው የሚያውቀው፤ እሱንም ሲናደድ ብቻ።