ክርክር፦ የ16 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ትታ ቤት ብትማር፣ ማን ይርዳት?

ጠያቂዋ (ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። 10ኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። የምንማረው በፈረቃ ነው፣ ክፍሉ ጢም ብሏል፣ አስተማሪ የሚቀርበት ቀንም ብዙ ነው። ቤት ሆኜ ብማር ይሻለኛል ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። «የሚረዳሽ ሰው ካገኘሽ እንነጋገራለን» አለችኝ። አባቴ ግን ወሬውን ገና ሳልጨርስ ዘጋው። ብቻዬን እንደማልችለው አውቃለሁ። ምን ዓይነት ሰው ልፈልግ? ሐሳቡን የምትቃወሙም ምክንያታችሁን ንገሩኝ።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጄ፣ እኔ ከአባትሽ ጋር ነኝ። ቤት ስለተማርሽ ካርድ የሚያወጣልሽ የለም። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስትመዘገቢ ደግሞ ትራንስክሪፕት ትጠየቂያለሽ። ሁለት ዓመት አንጀትሽን አስረሽ አጥንተሽ ወረቀት ቢጠፋ ማንን ትከሻለሽ? ኬሚስትሪውስ ያለ ቤተ ሙከራ እንዴት ሊሆን ነው?

የቦሳ ልጅ፦
ጋሼ፣ ትምህርት ቤት ያሉትስ ቤተ ሙከራውን መች አዩት? በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚያ ሁሉ ዩኒፎርም ለብሰው የተመላለሱ ልጆች ናቸው። ቴሌግራም ላይ የዚህን እጥፍ ትማራለች።

ጡረተኛ መምህር፦
ያ ቁጥር አንተን አይደግፍህም። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ኩረጃው ተመታ፣ ጉዱ ወጣ። የታየው ልጆቻችን ብቻቸውን ሲቀመጡ እንደሚቸገሩ ነው። እሷ ደግሞ ጭራሽ ብቻዋን ልትሆን ነው።

የሴት ልጆች እናት (ኮቺ)፦
እኔ ከካርዱ ይልቅ የምፈራው ቤቱን ነው። ሴት ልጅ ቤት ዋለች ማለት ለሥራ ተገኘች ማለት ነው። መጽሐፍ ዘርግታ ብትቀመጥም እያጠናች ነው የሚላት የለም። «ቡና አፍዪ»፣ «ወፍጮ ቤት ድረሺ»፣ «እንግዳ መጣ»፣ «ሕፃኑን ያዢልኝ»። በ2012 መጋቢት በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ በደንብ አይተነዋል። ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ተባለ። በሰፈራችን ወንዶቹ ቴሌቪዥኑ ፊት ሲቀመጡ ሴቶቹ ሊጥ ላይ ነበሩ። ሲከፈት ሳይመለሱ የቀሩ አሉ። የተዳሩም አሉ።

ስለዚህ የኔ ልጅ፣ አስጠኚ ከመፈለግሽ በፊት ከእናትሽ ጋር ተነጋገሪ። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደማትጠሪ ቁርጥ ያለ ስምምነት ይኑራችሁ። እዚህ ላይ ካልተስማማችሁ ለአስጠኚ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው።

ጠያቂዋ፦
እትዬ፣ ይሄን ያነበብኩት እንኳ ጀበናውን ጥጄ መጥቼ ነው።

አስጠኚ (የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ)፦
ጓደኞቼ ይቀየሙኛል እንጂ እውነቱን ልናገር። ብዙዎቻችን አስጠኚ ተብለን የምንሠራው አሳይመንት ነው። ወላጅ ይከፍላል፣ ደብተሩ ይሞላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። የራሳችን ፈተና ሲደርስ ደግሞ እንጠፋለን። ክረምት ላይ ወደየአገራችን ነን።

ሰው ስትመርጪ ያልገባሽን አንድ ጥያቄ ስጪው። ቀምቶሽ ሠርቶ ካሳየሽ ተይው። «እስኪ እስከየት ገባሽ?» ብሎ እስክሪብቶውን ለአንቺ ከመለሰልሽ ያዢው። «ይህን አላውቀውም፣ አይቼው እመጣለሁ» የሚልም ጥሩ ነው። ሁሉንም ትምህርት አስጠናለሁ ከሚል ራቂ። 11ኛ ክፍል ላይ ፊዚክስና ሒሳብ በደንብ የሚችል ሰው ለባዮሎጂ ላይሆንሽ ይችላል።

ቴሌግራሙ መጥፎ አይደለም። ግን አብዛኛው የጥያቄ ክምር ነው፤ መልሱም አንዳንዴ ስህተት ነው። መነሻሽ የትምህርት ሚኒስቴር መማሪያ መጽሐፍ ይሁን፤ በፒዲኤፍ ይገኛል። ሌላው፣ ከ2016 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ስልክ ብቻ እየነካሽ እንዳትቆዪ።

የሴት ልጆች እናት (ኮቺ)፦
ወንድ አስጠኚ ከሆነ ሳሎን፣ በር ተከፍቶ። ይሄ ድርድር የለውም።

የመርካቶ ነጋዴ፦
ለምን ብቻዋን? ሁለት ሦስት ሴት ልጆች ሆነው ቢያጠኑ ክፍያውንም ይካፈላሉ፣ እናትም ሐሳብ አይገባትም።

የቦሳ ልጅ፦
እሱማ የጥናት ቡድን ሆነ። ትምህርት ቤት ሳይለቁም ይቻላል።

የመርካቶ ነጋዴ፦
ታዲያ ምን ከፋው?

ቡና አምራች (ጎማ ወረዳ)፦
እኛ ጋ ቡናው ሲቀላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ክፍሉ ይሳሳል። ልጆቹ ለቀማ ላይ ናቸው። እናንተ ትምህርት ቤት መቅረትን እንደ ምርጫ ስትከራከሩበት ሳይ ይገርመኛል። ይህን ብዬ ወጣሁ።

የማታ ተማሪ የነበረች፦
አብሽሪ እህቴ፣ መሃል መንገድ አለ። የማታ ተመዝገቢ። ካርድሽ እዚያ ይወጣል፣ ቀኑን አስጠኚሽ ይይዘዋል። እኔ ቀን ሱቅ እየሠራሁ እንዲህ ነው የጨረስኩት። ለፈተና ስትመዘገቢ ግን የስምሽን አጻጻፍ ራስሽ አይተሽ አረጋግጪ። ስሟ ተሳስቶ ስንት ቢሮ የተንከራተተች ጓደኛ ነበረችኝ።

ጡረተኛ መምህር፦
የ16 ዓመት ልጅ በጨለማ?

የማታ ተማሪ የነበረች፦
ጋሼ፣ እኛ የሰፈር ልጆች ተሰብስበን በአንድ ባጃጅ ነበር የምንመለሰው። እሱ ካልተመቻት ደግሞ ይቅርባት፤ ያለ ጓደኛ አትሞክረው።

ጠያቂዋ፦
አንዲት ጓደኛ አለችኝ፣ እሷም ማታ ልትገባ ነው። አባቴን ግን ምን ልበለው?

ጡረተኛ መምህር፦
ማታ ከሆነ ተቃውሞዬ በግማሽ ቀንሷል። ግማሹ አለ፤ በዕድሜሽ ካሉ ልጆች መለየትሽን አሁንም አልወደድኩትም። ለአባትሽ «ትምህርት ቤት ልተው» አትበዪው። «ማታ ልዛወር» በዪው። ለመጠየቅም አብሮሽ እንዲሄድ ለምኚው። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ማታው እንደሚቀበልሽ ሳታረጋግጪ ካለሽበት ትምህርት ቤት መልቀቂያ እንዳታወጪ።