ፓውዛው ሌሊቱን ሙሉ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ዝናብ ሲመጣ ደሞ ብሬከሩ ዱብ!

የአባይ ማዶው፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እስኪ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ቤታችን ባህር ዳር አባይ ማዶ ነው፣ ክረምቱ ሳይገባ ብዬ ግቢው ዙሪያ ስድስት ባለ 30 ዋት ፓውዛ አስተከልኩ፣ ሁለቱ በር ላይ ሁለቱ ጓሮ ሁለቱ በረንዳ። ማታ ማታ አብራ አጥፋ ስለሰለቸን ፎቶሴል አስገጠምንለት፣ ብርሃን እያየ ሲመሽ ራሱ የሚያበራ ሲነጋ የሚያጠፋውን። አሁን ልክ ሲመሽ ይበራል ከዛ ትንሽ ሳይቆይ ይጠፋል ከዛ ደሞ እንደገና ይበራል፣ እስኪነጋ እንዲህ ነው፣ ጎረቤቴ ጭፈራ ቤት ከፈታችሁ እንዴ ብሎኛል። ሁለተኛ፣ ዝናቡ ከባድ ሲሆን ብሬከሩ ይወርዳል፣ በማግስቱ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሳነሳው እሺ ይላል። የሰራው ልጅ ስልክ ማንሳት ትቷል። ፎቶሴሉ ተበላሽቶ ነው ወይስ ወደ ታይመር ልቀይረው?

ባለ ቴስተሩ፦
ፎቶሴሉ ምንም አልሆነም ወንድሜ፣ የት ነው የተሰቀለው? ከፓውዛው ስር ከሆነ የራሱን መብራት እያየ ነጋ ብሎ ያጠፋል፣ ሲጨልምበት ደሞ መሸ ብሎ ያበራል፣ ስንት ቤት ሂጄ ይኸው ሁኖ አግኝቸዋለሁ። ዛሬ ማታ ጥቁር ናስትሮ ቆርጠህ ፎቶሴሏን ሸፍናት፣ መብራቱ በርቶ ከቆየ ጉዳዩ እሱ ነው። ከፓውዛው በላይ አውጣትና ፊቷን ወደ ሰማይ አዙራት፣ ነጭ ግድግዳም ብርሃን ስለሚመልስ ከግድግዳ አርቃት።

ብሬከሩ ግን ሌላ ነው። ቴስት የሚል ቁልፍ አለው? ካለው ውሃ የገባበት ቦታ አለህ ማለት ነው፣ ያ ብሬከር ብዙውን ጊዜ 30 ሚሊ አምፔር ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጥ ነው። አስቸገረኝ ብለህ በተራ ብሬከር እንዳትቀይረው አደራ፣ እርጥብ ሳር ላይ በባዶ እግራቸው የሚሮጡት ልጆችህ ናቸው።

የሽንብጧ፦
ታይመሩን ተወው ወንድሜ። እኛም ገጥመን ነበር፣ ልጁን ማታ 12 ሰዓት ይብራ ብንለው 12:00 ብሎ ሞላው፣ በጠራራ ፀሐይ ምሳ እየበላን ግቢው ቦግ! ለካ ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ 18:00 መባል ነበረበት። እሱ ሲስተካከል ደሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ይቆማል፣ ያ የሚሽከረከረው ዓይነት ባትሪ የለውም፣ ሁለት ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ ሁለት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ደሞ ህዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ነው የምትጠልቀው፣ ሐምሌ ላይ ወደ 1 ሰዓት ትጠጋለች፣ ማን ነው እየተነሳ የሚያስተካክለው።

እና የበረንዳውን አምፖል ቢጫ አድርገው፣ ካርቶኑ ላይ 3000 ኬልቪን የሚለውን። ነጩን ካበራህ ከጣና የሚነሳው ነፍሳት ሁሉ እራትህ ላይ ነው የሚያርፈው።

የአባይ ማዶው፦
ናስትሮውን አደረኩት፣ አልጠፋም! ፎቶሴሉ ልክ ከፓውዛው ስር ነው የተሰካው። ብሬከሩም ባለ ቴስት ነው። ሌላ ጥያቄ፣ ሰው ሲመጣ ከቤት ውስጥ ሁኜ በግድ ማብራትም ማጥፋትም እንድችል ማድረግ ይቻላል?

ባለ ቴስተሩ፦
ይቻላል። ፎቶሴሏ ሶስት ሽቦ አላት፣ አብዛኛዎቹ ላይ ጥቁሯ ፌዝ (መብራቱ የሚመጣባት) ነጯ ኑትራል (የሚመለስባት) ቀይዋ ወደ ፓውዛው የምትሄደው ናት፣ ያንተን ግን ጎኗ ላይ ያለውን ስዕል አይተህ አረጋግጥ። አንድ ማብሪያ ማጥፊያ በጥቁሯና በቀይዋ መሀል አስገባ፣ እሱን ስትጫነው ፎቶሴሏ ብትልም ባትልም ይበራል። ለማጥፋቱ ሌላ ማብሪያ ማጥፊያ ቀድሞ፣ ፌዙ ላይ። ስድስቱም ተደምረው 180 ዋት ናቸው፣ 1 አምፔር እንኳን አይሞሉም፣ ኮንታክተር (ለከባድ ጭነት የሚገባውን ትልቅ ማብሪያ) ግዛ ቢሉህ እንዳትሰማ። ብሬከሩን ሳታወርድና በቴስተር ሳታይ ግን ምንም እንዳትነካ።

የአባይ ማዶው፦
ዛሬ የጓሮውን መስመር ተከትዬ ቆፈርኩት። ማንጎው ስር ስካቶላውን (ሽቦዎቹ የሚገናኙበትን ሳጥን) አፈር ውስጥ ቀብሮት ኑሯል፣ ስከፍተው ውሃው ግማሽ ብርጭቆ ይሞላል፣ መገጣጠሚያዎቹ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለሉ፣ መዳቡ አረንጓዴ ሁኗል፣ ጉንዳን ሁሉ ነበረበት። ለዚህ ነው የከፈልኩት?

ባለ ቴስተሩ፦
አረንጓዴውን ቆርጠህ ጣለው፣ ፍቄ አጸዳዋለሁ አትበል። ስካቶላውን ግድግዳ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከመሬት አውጣው፣ ገመዱ ከታች ይግባ፣ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ቆልምመው፣ ውሃው እዛች ቁልምሟ ላይ ይንጠባጠባል። የበሩንም መስመር ክፈተው፣ ያው ልጅ ነው የሰራው።

የአባይ ማዶው፦
ግድግዳው ጋ እንዲደርስ ገመዱ አንድ ሜትር ያጥረዋል፣ ልቀጥለው?

ባለ ቴስተሩ፦
አፈር ውስጥ ቅጥያ የለም። ከግድግዳው እስከ ፓውዛው አዲስ ሳብ፣ በቱቦ።