ባሲለሱ ተዝለገለገና ምርቱ ቆመብኝ፤ ምን ላድርግ?

የላብ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ ሃያሉሮኒክ አሲድ (መገጣጠሚያን የሚያለሰልሰው ዝልግልግ፣ ረጅም የስኳር ሰንሰለት) ላይ ነው። ባሲለስ ሰብቲለስ በሚባለው ባክቴሪያ ውስጥ፣ አሲዱን የሚሠራውን የሌላ ባክቴሪያ፣ የስትሬፕቶኮከስን ሃስ-ኤ ጂን አስገብቻለሁ፤ ጥሬ ዕቃውን የሚያዘጋጀው የራሱ ቱዋ-ዲ ጂንም አብሮ በብዛት እንዲሠራ አድርጌያለሁ። 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ፍላስክ 100 ሚሊ ሊትር ሚዲያ (ባክቴሪያው የሚያድግበት ፈሳሽ)፣ 37 ዲግሪ፣ ሼከር ላይ። እስከ ማታ ጥሩ ይሄዳል። ጠዋት ስከፍተው ግን ነክረው ያሳደሩት አብሽ ይመስላል፤ ፒፔቱን ሳወጣ ክር እየመዘዘ ይከተለኛል። ከዚያ በኋላ ስኳሩ ሳያልቅ ምርቱ ቀጥ ይላል። ሦስቴ ደገምኩት፣ ያው ነው። እናቴ ጉልበቷን የምትወጋው ይህንኑ ስለሆነ ሥራው ለእኔ የመመረቂያ ወረቀት ብቻ አይደለም። የምታውቁ እባካችሁ።

ፈርመንተር_ቤት፦
እህቴ፣ ባክቴሪያው ታፍኖብሽ ነው፤ ያፈነውም የገዛ ምርቱ ነው። የአንዱ ሞለኪውል ክብደት ሚሊዮን ዳልተን ስለሚደርስ፣ በሊትር ጥቂት ግራም ሲጠራቀም ፈሳሹ ይወፍርና ኦክስጅን አይዘልቀውም። ትልቁ ታንክ ላይም የምታገለው ከዚሁ ጋር ነው፦ መቅዘፊያው አጠገብ ያለው ይዞራል፣ ግድግዳው ጋ ያለው ተኝቶ ይቀራል። 100 በጣም በዝቷል፣ ወደ 25 አውርጂው። ጎኑ የተሰረጎደ ፍላስክ ካላችሁ እሱን ያዢ። ሃያሉሮኒዴዝ (ይህንኑ አሲድ የሚቆርጠውን ኢንዛይም) ብትጨምሪበት ይቀጥናል፣ ምርቱም ይቀጥላል፤ ግን ሞለኪውሉን ይቆራርጠዋል። ለቅባት ይሆናል፣ ለጉልበት ግን አልመክርሽም።

ፋርማሲስቷ፦
እኔ ደግሞ ከሁሉ በፊት የምጠይቅሽ፦ በምን ለካሽው? በካርባዞል (በሃያሉሮኒክ አሲድ ውስጥ ያለውን ግሉኩሮኒክ አሲድ በቀለም በሚለካው ዘዴ) ብቻ ከሆነ ተጠንቀቂ። ቱዋ-ዲ ባሲለሱ ቲኩሮኒክ አሲድ (የራሱ ግድግዳ ላይ ያለ ሌላ የስኳር ሰንሰለት) የሚሠራበት ጂን ነው፤ ያም ግሉኩሮኒክ አሲድ ስላለበት አብሮ ሊቆጠርልሽ ይችላል። ሃስ-ኤ የሌለበትን ባሲለስ ጎን ለጎን አሳድጊ። ከዝልግልጉም ሁለት ቱቦ ቅጂና አንዱ ላይ ብቻ ሃያሉሮኒዴዝ ጨምሪ። የቀጠነው እሱ ብቻ ከሆነ፣ የያዝሽው የምትፈልጊውን ነው።

የላብ_ልጅ፦
አዎ፣ በካርባዞል ብቻ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ዛሬ ሞከርኩት። ኢንዛይም የገባበት ቱቦ እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ ያልገባበትን ብገለብጠው እየተጎተተ ነው የወረደው። ከእሱ ጥቂት ወስጄ ኤታኖል ሳፈስበት ነጩ ክር መስታወት ዘንጉ ላይ እንደ እንዝርት ፈትል ተጠመጠመ። ሃስ-ኤ የሌለበትንና ባለ 25ቱን ፍላስክ ነገ ጠዋት እጀምራለሁ።