አረም የዋጠውን መሬት በትንሽ ወጪ የአትክልት መደብ ማድረግ፦ ከየት ልጀምር?

አዲስ አትክልተኛ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከቤታችን ጀርባ ለዓመታት ማንም ያልነካው ቁራሽ መሬት አለ። ሣሩ ወገብ ይደርሳል፤ መሀል መሀሉ ላይ ቁጥቋጦ በቅሏል፤ አንደኛው ጥግ ደግሞ እሾህ ብቻ ነው። እኔና ባለቤቴ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ቢሆንልን ካሮትም ልናለማበት እንፈልጋለን። ችግራችን ገንዘብ ነው። አፈር በመኪና አስመጥቶ፣ በሳንቃ የታጠረ መደብ አሠርቶ መጀመር ከአቅማችን በላይ ነው። አንዱ ጎረቤት «በሞተር ማረሻ በአንድ ቀን ገልብጬ ልስጣችሁ» ይለናል፤ ሌላው «የአረም ማጥፊያ ርጩበትና ተገላገሉ» ይላል። ልጆቻችን እዚያ ስለሚጫወቱ የመድኃኒቱ ነገር አልተዋጠልኝም። ያለን መሣሪያ ማጭድ፣ ዶማና አካፋ ብቻ ነው። በእነዚህ ብቻ ይሆናል? ደግሞስ በዚህ ወቅት አንድ ነገር ማምረት እንችላለን ወይስ ዓመት መጠበቅ ግድ ነው?

የጓሮ እናት፦

ልጄ፣ ጎረቤትህን አመስግነው፤ ማረሻውን ግን አታስገባ። አዲስ የታረሰ መሬት ለዓይን ያምራል፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ግን ከበፊቱ የባሰ አረም ይለብሳል። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ መሬት በውስጡ ብዙ የአረም ዘር ቀብሮ ይዟል። ከዚያ ውስጥ ብዙው እዚያው ታች እስካለ ድረስ አይበቅልም፤ ወደ ላይ ወጥቶ ብርሃን ሲያገኝ ነው የሚነቃው። አፈሩን በገለበጥከው ቁጥር አዲስ ዘር ታነቃለህ። ስለዚህ ከአረሙ ላይ ብርሃን መከልከል እንጂ አፈሩን መገልበጥ አይሻልህም።

በማጭዱ ጀምር። ሣሩን እስከ መሬት ዝቅ አድርገህ እጨደው። ዘር ያልያዘውን እዚያው አንጥፈው፤ ዘር የያዘውን ለብቻው አርቀህ ከምረው። ቁጥቋጦውንና እሾሁን ግን በዶማ ከነሥሩ አውጣ፤ እነሱ ከላይ ስለተሸፈኑ ብቻ አይሞቱም።

ከዚያ በኋላ ዓይንህ መሬቱን ሁሉ እንዳይመኝ። ጀማሪዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው የመሬቱ ክፋት ሳይሆን በአንድ ጊዜ የከፈቱት ስፋት ነው። አንድ መደብ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃሃል፤ ወርዱ 1.20 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር። ወርዱ ከዚህ ካልበለጠ ከግራም ከቀኝም እጅህን ዘርግተህ መሀሉ ላይ ትደርሳለህ፤ ስለዚህ መደቡን መርገጥ የለብህም። የተረገጠ አፈር ውኃም አየርም አያሳልፍም፤ ለልጆቹም ይህን ከመጀመሪያው ቀን አስተምራቸው። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኘውንና ለውኃ ቅርብ የሆነውን ቦታ ምረጥ።

አሁን ካርቶን ሰብስብ። ትልልቅ ዕቃ የታሸገበት ቡናማ ካርቶን ከሁሉ ይሻላል፤ ሰው የሚጥለው ስለሆነ ዋጋ የለውም። ፕላስተሩን በሙሉ ላጠው፤ የስቴፕለር ሽቦውንም ንቀል፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ዓመት አፈሩን ስትኮተኩት ጣትህን ይወጋሃል። የሚያብረቀርቅ ቀለም የታተመበትን ተወው። ስታነጥፍ አንዱ በሌላው ላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ፤ ከመደቡም ዙሪያውን አልፎ ይውጣ። ሣር ብርሃን የምታይበት ስንጥቅ ካገኘች በዚያው ትወጣለች።

ከዚያ ውኃ። እዚህ ላይ አትቸኩል። መጀመሪያ ውኃው በካርቶኑ ላይ እየተንኳለለ ይወርዳል፤ ቆይቶ ካርቶኑ መጠጣት ይጀምራል፤ ቀለሙ ይጠቁራል፤ በመጨረሻም ለስልሶ የመሬቱን ጉብታና ጉድጓድ ይዞ ይለጠፋል። እዚያ እስኪደርስ አጠጣው። ደረቅ ካርቶን ከሥሩ ክፍተት ስለሚተው አፈሩም ይደርቃል፤ የምድር ትሎችም አይመጡበትም።

በላዩ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የበሰለ ብስባሽ ይደረጋል። ወጪው ያለው እዚህ ነው። በዚህ መጠን አንድ መደብ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ማልበስ 360 ሊትር ይፈልጋል፤ በተለመደው የእጅ ጋሪ አምስት ስድስት ምልልስ ነው። ገንዘብ ካላችሁ እዚህ ላይ አውሉት፤ ለሳንቃ ማጠሪያ አታውጡ። አትክልቱ የሚበላው ብስባሹን እንጂ ሳንቃውን አይደለም! ለመደቡ ሁሉ የሚበቃ ካጣችሁ ደግሞ መላ አለ፤ ካርቶኑን በየ1 ሜትሩ ቀዳችሁ ከሥሩ ያለውን አፈር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ፤ ጉድጓዱን ብቻ በብስባሽ ሙሉና ዱባ ትከሉበት። የቀረውን ካርቶን በታጨደው ሣር ወይም በገለባ ሸፍኑት። ዱባ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ መሬቱን ስለሚያጠላው አረሙን በማፈን እርሱም ያግዛችኋል።

ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። ቆስጣ፣ ሰላጣና ቲማቲም በችግኝ ከሆነ በዚሁ ወቅት ይሆናል። ካሮት ግን ይቆይ። ዘሩ ደቃቅ፣ ሥሩም ጥልቅ ነው፤ ገና ያልበሰበሰ ካርቶን ሲያጋጥመው ይጣመማል ወይም ሁለት ሦስት ሆኖ ይከፈላል። ካርቶኑ በእርጥበት ከቆየ በወራት ውስጥ ይበሰብሳልና ለሚቀጥለው ወቅት አቆየው።

ዶማና አካፋ፦

የጓሮ እናት ባሉት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ግን ካርቶን ለሁሉም አረም አይሠራም። ወንድሜ፣ ምንም ነገር ከማንጠፍህ በፊት የበቀለብህን አረም ለይ። በተለያየ ቦታ አንድ አንድ አካፋ አፈር አውጥተህ ሥሩን ተመልከት። ጥቃቅን ክር የመሰለ ሥር ብቻ ከሆነ እሰየው፤ ካርቶኑ ይበቃዋል። አንጓ አንጓ ያለው፣ ጫፉ የሾለ፣ ነጣ ያለ ግንድ በመሬት ውስጥ ተዘርግቶ ካገኘህ ግን ሰርዶ ነው። ሰርዶ ከእያንዳንዱ አንጓ እንደገና ይበቅላል፤ በማረሻ መከታተፍ ማለት ማባዛት ነው። ከካርቶን ሥርም ወደ ጎን እየተሳበ በጠርዙ ይወጣል። ክር በመሰለው ሥር ላይ ጠንካራና ጠቆር ያሉ ትናንሽ ፍሬዎች ካየህ ደግሞ እንግጫ ነው፤ የእርሱ ቡቃያ እንኳን ካርቶን ላስቲክም ይበሳል።

ለእነዚህ ሁለቱ ከጉልበት የተሻለ አላውቅም። አፈሩ እርጥብ ሳለ በአካፋ እያላላህ ሥሩን ሳትቆርጥ በእጅህ ሳበው። ያወጣኸውን ብስባሽ ክምር ውስጥ አትጨምር፤ ድንጋይ ወይም ቆርቆሮ ላይ አስጥተህ በፀሐይ እስኪሰባበር አድርቀው። የመደቡን ዙሪያ ደግሞ አንድ አካፋ ጥልቀት ባለው ጠባብ ቦይ ክበበው፤ ሰርዶው ቦዩ ውስጥ ብቅ ሲል ትቆርጠዋለህ። ይህ ቦይ በየጊዜው ካልተጠረገ ዋጋ የለውም።

ሞቃትና ደረቅ ወቅት እየመጣ ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። የታጨደውን ቦታ አጠጥተህ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ አጥብቀህ ሸፍን፤ ዳር ዳሩን በአፈር ቅበረው፤ በጠራ ፀሐይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አቆየው። ከላይ ባለው አፈር ውስጥ ያለውን የአረም ዘር አብዛኛውን ሙቀቱ ይገድለዋል። ሰማዩ ደመና ከሆነ ግን ላስቲኩ ለአረሙ ሞቅ ያለ ቤት ይሆንለታልና ያኔ አትሞክረው።

አፈር መርማሪ፦

በነጻ ወይም በርካሽ የሚገኝ ነገር ሁሉ ለአትክልት አይሆንም። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ልጆች አሉና።

መጀመሪያ ፍግ። ትኩስ ፍግ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይይዛል። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ግብርና ደንብ ያልበሰለ ፍግ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ የሚበላው ክፍል አፈር ለሚነካ ሰብል 120 ቀን፣ ለማይነካው 90 ቀን ከመሰብሰቡ በፊት እንዲያልፍ ያዛል። ሰላጣ በጥሬው የሚበላና ከአፈር ጋር የሚነካካ ነው፤ ስለዚህ በደንብ የበሰለ ፍግ ብቻ ተጠቀም።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። አሚኖፓይራሊድና ክሎፓይራሊድ የተባሉ የአረም ማጥፊያዎች የተረጩበትን ሣር ከብት ቢበላው መድኃኒቱ በፍጉ ውስጥ ይቆያል፤ ፍጉ ከበሰለ በኋላም ላይጠፋ ይችላል። ድርቆሽና ገለባም እንዲሁ ናቸው። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ያገኘኸውን ብስባሽ ወይም ፍግ ከአፈር ጋር ቀላቅለህ በጥቂት ጣሳዎች ውስጥ ፎሶሊያ ዝራ፤ በሌሎች ጣሳዎች ደግሞ ያለ እርሱ ዝራ። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ብስባሹ ወይም ፍጉ ያለበት ፎሶሊያ ቅጠሉ ተጠቅልሎና ተጣምሞ፣ የሌላው ግን ተዘርግቶ ካየህ መደብህ ላይ እንዳታስገባው፤ ቲማቲምህን ያበላሽብሃል።

ሰጋቱራ በመደቦቹ መካከል ለሚኬድበት መንገድ ላይ ላዩን ቢነጠፍ ጥሩ ነው፤ ከአፈር ጋር ግን አትቀላቅለው። የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ስለሚሻሙ አትክልቱ ቢጫ ይሆናል። አሮጌ የባቡር ሐዲድ እንጨትና ቀለም የተቀባ ሳንቃም ለማጠሪያ አትጠቀም። ቤቱ አሮጌ ከሆነ ከተቀባው ግድግዳ ሥር መደብ አታውጣ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ነበረው፤ ተልጦ የወደቀው እዚያው አፈር ውስጥ ይቀራል።

አዲስ አትክልተኛ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት አፈሩን በየቦታው አውጥቼ አየሁት። በቤቱ በኩል ያለው ክር ሥር ብቻ ነው። በአጥሩ በኩል ግን አንጓ ያለው ነጭ ግንድ እንደ ገመድ ተጠላልፎ ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ ምስጥም አገኘሁ። እማማ፣ ካርቶኑ ምስጥ አይጠራብኝም?

የጓሮ እናት፦

ይጠራል እንጂ፣ ልጄ። ካርቶንና ደረቅ ገለባ ለምስጥ ምግብ ነው። ስለዚህ ምስጥ ያየህበትን ቦታ ለካርቶን አትምረጠው፤ ካርቶኑን ከቤቱ ግድግዳና ከእንጨት ምሰሶም አርቀው። የመጀመሪያውን መደብ ክር ሥር ባለው በኩል፣ ከግድግዳው ፈንጠር አድርገህ አውጣ። የአጥሩን ወገን ለዘንድሮ አትንካው፤ ዘር እንዳይጥል ብቻ እያጨድክ ጠብቀው። ሰርዶ ጥላ አይወድም፤ ግን በአንድ ወቅት አይለቅም። በመደቡና በእርሱ መካከል ዶማና አካፋ የነገረህን ቦይ ቆፍር።

ችግኝ ከመትከልህ በፊት ደግሞ አንድ ነገር አድርግ። በመደቡ ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረህ ውኃ ሙላው፤ ሲመጠጥ እንደገና ሙላው። በማግስቱም ውኃው እዚያው ተኝቶ ካገኘኸው መሬቱ ውኃ ይይዛልና ካርቶን ከማንጠፍህ በፊት የመንገዱን አፈር እየዛቅህ መደቡ ላይ ጨምር፤ ከፍ ይበል። ከመጠጠ ግን በዚሁ ሳምንት አንጥፍ፤ የታጨደው ሣር እንደገና ሳያቆጠቁጥ።