ነዳጅ ቆጣቢ ከሚባሉት ውስጥ የቱ ገንዘብ ሊወጣበት ይገባል? ጥቆማ እፈልጋለሁ

ማለዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው 1.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያለው የቤት መኪና ነው። አንዴ ከሞላሁት አሥር ቀን ያደርሰኝ የነበረው ታንክ አሁን ሳምንት ሳይሞላው መብራቱን ያበራብኛል። መንገዴ አልተለወጠም፤ ቤት፣ ሥራ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ መልሶ ቤት። የነዳጁ ዋጋ ደግሞ የምታውቁት ነው። ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ለይቼ አስቀምጫለሁ። ሰዎች የነገሩኝ ታንክ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ ፈሳሽ፣ የነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት፣ ከመሪው ሥር ያለው የምርመራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ፣ ባለ 95 ኦክቴን ቤንዚን፣ አለዚያም ጋራዥ ገብቶ ሙሉ ሰርቪስ ነው። የቱ ላይ ላውለው? እባካችሁ፣ የሰማችሁትን ሳይሆን የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

አንድ_መኪና_ዘጠኝ_ዓመት፦
ፈሳሹን ግዛ፣ ሌላ አትልፋ። መካኒኬ ከመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በየሁለት ወሩ አንድ ጠርሙስ ያስጨምረኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሞተሬ ተከፍቶ አያውቅም። በጨመርኩ ማግስት መኪናዋ ስትለሰልስ ይሰማኛል። እሱ ያለኝን ትቼ የሌላ ሰው ምክር የሰማሁበት ቀን የለም።

ጠጠር_መንገድ፦
ወንድሜ ማለዳ፣ ማግኔቱንም የሚሰካውንም ሁለቱንም ገዝቼ አይቻቸዋለሁ። ረጅም ቢሆንም ልጻፈው፣ ሌላ ሰው እንዳይደርስበት።

የኔም መኪና ልክ እንዳንተ ድንገት ነዳጅ ትበላ ጀመር። የቼክ ኢንጂን መብራትም በርቶ ነበር። ስሙን የማልጠራው ጋራዥ ገባሁ። መብራቱን በኮምፒውተር አጠፉልኝና «ሞተሩ ደህና ነው፣ ነዳጁ ግን በደንብ እየነደደ አይደለም» ብለው ማግኔቱን ቱቦው ላይ አሰሩልኝ። በሳምንቱ መብራቱ ተመልሶ በራ። ስመለስ እንደገና አጠፉትና የሚሰካውን መሣሪያ ሸጡልኝ። መሣሪያው ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ እሱን እያየሁ ይሠራል ብዬ አመንኩ። እንዲህ እያልኩ አራት ወር ነዳሁ። ቧንቧው ጥቁር ጥላሸት ይተፋል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

በመጨረሻ ሌላ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። እሱ መብራቱን ከማጥፋቱ በፊት ኮዱን አነበበው። የኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል። ኮምፒውተሩ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ማንበብ ስላቃተው በግምት እያበዛ ነው ቤንዚን የሚረጨው። ሳይነድ የወጣው ቤንዚን የጭሱን መርዝ የሚያጣራው ካታላይዘር ውስጥ ገብቶ እየነደደ እሱንም አቅልጦታል። በጊዜ አንድ ሴንሰር ብቀይር የሚያልቅ ነገር ካታላይዘር አስገዛኝ። ያንን ገንዘብ ያጠራቀምኩት ለልጄ ነበር፤ እስካሁን ሲታወሰኝ ያመኛል።

አዲስ_መንጃ፦
በጣም ያሳዝናል። ደረሰኝ ይዘህ ነበር? ከስሼ አስመልስ ነበር እኔ ብሆን።

ጠጠር_መንገድ፦
የጉልበት ክፍያው ላይ አለኝ፤ ማግኔቱና መሣሪያው ላይ አልሰጡኝም። የዚያን ጊዜ አልጠየቅኩም።

ሰማያዊ_ሚኒባስ፦
እኔንም እንዲሁ ነው ያደረጉኝ! ለማርሽ ችግር ገብቼ የፍሬን ሸራ ሸጠውልኝ ወጣሁ። የድሮውን ዕቃ ስጡኝ ስላቸው «ጥለነዋል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሲቀየር አጠገባቸው ቆሜ ነው የማየው፣ አሮጌውንም በእጄ ይዤ ነው የምወጣው።

አዲስ_መንጃ፦
ይህ ጥሩ ምክር ነው። ሁሉም ሰው እንዲህ ቢያደርግ ግማሹ ማታለል ይቀር ነበር።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ መኪናውን ብቻ ከምትወነጅሉ የቤንዚኑ ዋጋ ከየት እንደሚመጣ እዩ። ከማደያ የምትቀዱት ሊትር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ድርሻ የድፍድፉ ዘይት ነው፤ በላዩ ማጣሪያው፣ ማጓጓዣው፣ የሻጩ ትርፍና ታክሱ ይጨመራሉ። ታክሱ ከአገር አገር በጣም ይለያያል፤ ለዚህ ነው አንድ ዓይነት ድፍድፍ የሚገዙ ሁለት አገሮች ማደያቸው ላይ ዋጋው የማይገናኘው። ድፍድፍ በበርሜል ነው የሚሸጠው፣ አንድ በርሜል 159 ሊትር ገደማ ነው፣ ክፍያውም በአብዛኛው በዶላር ነው። የአገር ገንዘብ ከዶላር አንጻር ሲወርድ የዓለም ዋጋ ባይነቃነቅም ነዳጅ ይወደዳል።

የነዳጅ ላኪ አገሮችን ማኅበር ኦፔክን ኢራን፣ ኢራቅ፣ ኩዌት፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ቬንዙዌላ ባግዳድ ላይ ሲመሠርቱት እ.ኤ.አ. 1960 ነበር። በ1973 የዓረብ አምራቾች ማዕቀብ ሲጥሉ 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ወጣ። በሐምሌ 2008 ከ147 ዶላር አለፈ። በኮሮናው ጊዜ ደግሞ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲቀመጥ፣ ሚያዝያ 2020፣ የአሜሪካው ድፍድፍ የውል ዋጋ ለአንድ ቀን ከዜሮ በታች ወርዶ 37 ዶላር ኔጌቲቭ ሆነ፤ ማከማቻ ያጣ ሻጭ «ውሰዱልኝ» ብሎ ራሱ ከፈለ። ሩሲያ ዩክሬን ውስጥ በገባችበት በ2022 ከ120 ዶላር በላይ ተሸጠ። ድፍድፉ ሲወደድ ማደያው ፈጥኖ ይጨምራል፤ ሲረክስ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚቀንሰው። ይህ በብዙ አገር የታየ ነው፤ ሕዝብን የሚያስመርረውም ይኸው ነው።

ሚዛን፦
ጋሼ፣ የጻፉት ቁም ነገር ነው፣ አነበብኩት። የተጠየቀው ግን ይህ አይደለም። ማለዳ የበርሜልን ዋጋ ማውረድ አይችልም፤ የራሱን መኪና ፍጆታ ግን ይችላል።

አንተ ዘጠኝ ዓመት የነዳኸው ወንድሜ፣ «ስትለሰልስ ይሰማኛል» መለኪያ አይደለም። ፈሳሹን ሳትጨምር ስንት ኪሎ ሜትር በሊትር ትሄዳለህ? ስትጨምርስ? ሁለቱን ቁጥር ካላወቅህ ሰውን ግዛ አትበል። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኢፒኤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ መሣሪያዎችንና ፈሳሾችን መርምሯል። ጥቅም ያሳዩት በጣም ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ያሳዩት ትንሽ ነው። ማግኔት ቤንዚንን የሚለውጥበት መንገድ የለም። ሰው የልጆቹን ገንዘብ ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ ጠንከር አድርጌ ብናገር አትቀየሙኝ።

አንድ_መኪና_ዘጠኝ_ዓመት፦
ለክቼ አላውቅም፣ መለካትም አያስፈልገኝም። ሰውዬው አንድም ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም። መንገድ ላይ ስቆም በሌሊት ተነሥቶ መጥቷል። አንተ የምትለው መሥሪያ ቤት በሌሊት ይመጣልኛል?

መሪ_አስተማሪ፦
ሰላም ማለዳ። እኔ መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች መንዳት አስተምራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የማየው የሰው እግር ነዳጅ ፔዳል ላይ ምን እንደሚያደርግ ነው። አንተ የጻፍከው ውስጥ አንድ ነገር አየሁ። ቤት፣ ሥራ፣ ትምህርት ቤት፤ ሁሉም አጫጭር መንገድ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር እስኪሞቅ ድረስ ብዙ ቤንዚን ነው የሚጠጣው። ሦስት ቦታ ለየብቻ ከመሄድ አንድ ላይ ማያያዙ ብቻ ለውጥ አለው። ግን መንገድህ እንደ ድሮው ከሆነ ፍጆታው በድንገት የጨመረው በሌላ ምክንያት ነውና እሱን ፈልግ።

መጀመሪያ ጎማ። ጠዋት ሳትነዳው፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ አስለካው፤ ቁጥሩ የሾፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፏል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ነውና በእሱ አትሙላ። ቀጥሎ ትንሽ ነድተህ ስትቆም እጅህን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል፣ መኪናህ ቀኑን ሙሉ ፍሬን እንደተያዘ ነው የምትሄደው። የሙቀቱ ቀስትም ረጅም ነድተህ ከታች ካልተነሣ የሞተሩን ሙቀት የሚጠብቀው ተርሞስታት ክፍት ሆኖ ቀርቶ ይሆናል። ይህን ሁሉ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም።

ሌላው እግርህ ነው። ቀይ መብራት ከሩቅ እያየ ነዳጅ ረግጦ ሄዶ ፍሬን የሚይዝ ተማሪ በየቀኑ አለኝ። ያ ቤንዚን ወደ ፍሬን ሸራ ሙቀት ሄደ ማለት ነው። ችኩል አነዳድ በከተማ ትራፊክ ውስጥ ከ10 እስከ 40 በመቶ ሊያስበላ እንደሚችል ተለክቷል። ከፊትህ ርቀት ጠብቅ፣ አርቀህ እይ፣ እግርህን ቀደም ብለህ አንሣ። ሰፊ መንገድ ላይ ከ80 በላይ ስትሄድ አየሩ ራሱ ይገፋሃል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ፖርቶመጋላ ካለህና ካልተጫነበት አውርደው። ልጆች ስትጠብቅ ደግሞ ሞተሩን አጥፋ፤ ከ10 ሰከንድ በላይ የሚቆም ከሆነ ማጥፋቱ ያዋጣል።

ሰማያዊ_ሚኒባስ፦
እህቴ፣ ቁልቁለት ላይ ፎሌ ማድረጉን፣ ማርሹን ነፃ አድርጎ መውረዱን ረሳሽው። አባቴ ሃያ ዓመት በዚያ ነው የቆጠበው።

መሪ_አስተማሪ፦
አልረሳሁትም፣ ስለማይመከር ነው የተውኩት። የአባትህ መኪና ካርቡሬተር፣ ያ የድሮው ቤንዚንና አየር ማደባለቂያ፣ ከነበረው ይገባኛል። የዛሬዎቹ ግን ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ስታነሣ ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክተር ቤንዚኑን ጨርሶ ይዘጋል። ፎሌ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሚኒሞ እየጠጣ ይወርዳል። በዚያ ላይ የሞተር ፍሬን ታጣለህ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሸራው ግሎ ፍሬን አልይዝ ይላል። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ሞትን መጥራት ነው፤ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑ አጋዥም ትንሽ ከረገጥከው በኋላ ያልቃል። ተማሪዎቼን ይህን ሳላስገባ አልለቃቸውም።

ሰማያዊ_ሚኒባስ፦
ማርሽ ውስጥ ሆኖ እንደሚዘጋ አላውቅም ነበር። እሺ።

አዲስ_መንጃ፦
ባለ 95ቱን ማንም አልመለሰም እኮ።

ሚዛን፦
ኦክቴን የጉልበት መለኪያ አይደለም። ቤንዚኑ ሲታመቅ ያለ ጊዜው እንዳይቀጣጠል የመቋቋም አቅሙን ነው የሚያሳየው። የመኪናው መመሪያ ወይም የታንኩ ክዳን 91 ይበቃል ካለ 95 መጨመር ትርፍ ወጪ ነው። 95 ካዘዘ ግን ዝቅ አታድርግ፣ ሞተሩ ይመታል።

ለፈሳሹም ልክ ልሁን፦ ኢንጀክተር ላይ የተጋገረ ቆሻሻ ካለ ጥሩ ማጽጃ ሊያስለቅቀው ይችላል። ንጹሕ ሞተር ላይ ግን የሚያጸዳው የለውም። ስለዚህ ለክቶ ማወቅ ነው። ማደያው ላይ መቅጃው ራሱ ቀጥ እስኪል ሙላ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፍ። ስትመለስ እዚያው መቅጃ ላይ እንዲሁ ሙላ። 400 ኪሎ ሜትር ሄደህ 32 ሊትር ከገባ 12.5 ኪሎ ሜትር በሊትር ነው። በአንድ ሙሊት አትፍረድ፣ ቢያንስ ሦስቴ ድገመው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለውጥና እንደገና ለካ።

ማለዳ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ አስተማሪዋን። ዛሬ ጠዋት አስለካሁ፤ አራቱም ጎማ ዝቅ ብሏል፣ ሁለቱ በጣም። ፖርቶመጋላው ካለፈው ዕረፍት ጀምሮ ላዩ ላይ ነው፣ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ከሥራ ስመለስ ደግሞ የግራው የኋላ ቸርኬ እጅ አያስጠጋም። ጠጠር መንገድ፣ አንድ ልጠይቅህ፤ ሴንሰሩ ሲበላሽ መብራቱ ወዲያው ነው የበራብህ? የኔ እስካሁን አልበራም።

ጠጠር_መንገድ፦
የኔ ወዲያው ነው የበራው፣ ግን ሴንሰር እየደከመ ሄዶ መብራት ሳያበራ የሚቆይበት ጊዜ አለ ብሎኛል መካኒኩ። ሽታና ጥላሸት ከሌለህ መጀመሪያ ፍሬኑን አሳይ። የሚፋጅ ቸርኬ ይዘህ ረጅም መንገድ አትሂድ፣ እባክህ።

አንድ_መኪና_ዘጠኝ_ዓመት፦
ፍሬኑን ስታሠራ አንድ ጠርሙስ ጨምርበት፣ አትጎዳም።

ጡረተኛው፦
ማለዳ ልጄ፣ በመጨረሻ ገንዘቡን ምን ላይ አዋልከው?

ሚዛን፦
ሦስት ሙሊት ከለካህ በኋላ ቁጥሩን ብታሳውቀን ለሌላውም ይጠቅማል።

ሳምንቱ_ረዘመ፦
ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። የኔ የናፍጣ መኪና ነው፤ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ ነዳጅም ይበላል። ይህም ከጎማ ነው?

ጠጠር_መንገድ፦
አይደለም። የናፍጣ ጥቁር ጭስ ነዳጁ በዝቶ ወይ አየሩ አንሶ ነው። የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ብርሃን ላይ አየው፣ ቱርቦ ካለው ቱቦዎቹ ተሰንጥቀው እንደሆነ ፈትሽ፣ ከዚያ ኢንጀክተሩን አስለካ። አሮጌ ዕቃ ከቀየሩልህ ይዘህ ውጣ።