የልጄ ባት ላይ ያለው ሰማያዊ እብጠት፦ ሲቲ ስካን ወይስ ኤምአርአይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። የ9 ዓመት ልጄ ቀኝ ባቷ ላይ ከተወለደች ጀምሮ ሰማያዊ ነገር አለባት። አያቷ «ማርያም ስማት ነው» ስላሉ ዝም ብለን ከረምን። ዘንድሮ ግን ያማታል። ቆማ ስትውል ይወጠራል፣ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ስታድር ሟሽሾ ይነጋል። አንድ ክሊኒክ በእጅ ዳብሰው «ሄማንጂዮማ (የደም ስር እባጭ) ነው፣ ይቆረጥ» አሉ። ሌላው ሲቲ ስካን አዘዘ። ግራ ገባኝ።

ራዲዮሎጂ የምሠራ፦ እህቴ፣ በምስል ሳይታይ አይቆረጥ። የሕፃናት ሄማንጂዮማ አብዛኛውን ጊዜ ከተወለዱ ከሳምንታት በኋላ ወጥቶ፣ በመጀመሪያው ዓመት አድጎ፣ እያደር ይከስማል። አብሮ ተወልዶ ከልጁ ጋር የሚያድገው ሌላ ነው፣ የደም ስር አፈጣጠር ችግር ነው። ሙሊከንና ግሎዋኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለቱን በ1982 እ.ኤ.አ. ለይተው አስቀምጠዋቸዋል፣ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ይምታታል። የነገርሽን የደም መልስ (ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ስር) ችግር ይመስላል፣ ግን በጽሑፍ አይመረመርም። መጀመሪያ ዶፕለር አልትራሳውንድ ትነሳ፤ ደሙ በዝግታ ነው ወይስ በፍጥነት የሚፈሰው የሚለውን ይለያል፣ ሕክምናውም የሚወሰነው በዚያ ነው። ቀጥሎ ኤምአርአይ፤ ጡንቻው ውስጥ ምን ያህል እንደዘለቀ ያሳያል። ሲቲ ጨረር አለው፣ ለዚህም እንደ ኤምአርአይ አጥርቶ አያሳይም።

ክንዴ ላይ የነበረብኝ፦ እኔን መጀመሪያ ያየኝ ሰው የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ጫን አድርጎ ስለያዘው ደሙ ተጨምቆ ሄደና «ምንም የለም» ተባልኩ። ሁለተኛዋ ጄሉን አብዝታ፣ ክንዴን ወደ ታች አንጠልጥላ፣ እጇን ቀለል ስታደርግ ቁልጭ ብሎ ታየ። ልጅሽም ቆማ ወይ እግሯን አንጠልጥላ ትታይ በያቸው።

ሌላ አባል፦ ራጅንም አትናቁ፣ ርካሽ ነው። የረጋ ደም ጠጥሮ ክብ ነጫጭ ነጥብ ሆኖ ከታየ የደም መልስ ችግር መሆኑን ይጠቁማል። ደግሞ እጅሽን አስቀምጪበት። የሚሞቅና እንደ ልብ የሚመታ ከሆነ ደም ቅዳም (ደም ከልብ የሚያመጣው ስር) ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ውሰጃት።

ጠያቂዋ፦ አሁን ነካሁት። አይሞቅም፣ አይመታም። ስጫነው ይገባል፣ ስለቀው ቀስ ብሎ ይመለሳል። ኤምአርአዩ ውስጥ ዝም ብላ ትተኛ ይሆን?

ራዲዮሎጂ የምሠራ፦ በ9 ዓመቷ፣ ቀድመሽ ካስረዳሻት ብዙ ጊዜ ያለ ማደንዘዣ ይሆናል። ድምፁ ያስደነግጣል፣ የጆሮ መከለያ ይሰጧታል። ጉትቻዋንና የፀጉር ማስያዣዋን ቤት አስቀምጪ። የማዘዣ ወረቀቱ ላይ «እብጠት» ብቻ ተጽፎ እንዳይቀር፤ ከልደት ጀምሮ መኖሩ፣ ስትቆም መወጠሩም ይጻፍ።