አፕግሬድ ዲፎልቱን ማጥበቅ አለበት ወይስ እንዳለ ይተወው?

ጠያቂው፦ የላፕቶፔን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከኡቡንቱ 22.04 ወደ 24.04 አፕግሬድ አደረግኩት። ሁሉም ሰላም ነው። በአፕኢሜጅ (ሳይጫን በቀጥታ በሚከፈት ነጠላ ፋይል) አውርጄ የምጠቀምበት የማስታወሻ ፕሮግራም ግን አልከፈት አለ። ከተርሚናል ሳስነሳው ስለ ሳንድቦክስ (ፕሮግራሙ ራሱን ከሌላው ለይቶ የሚያጥርበት መከላከያ) አማርሮ ይዘጋል። ትናንት ሲሠራ የነበረን ነገር ዛሬ ማንን አስፈቅዶ ነው የሚዘጋብኝ? አፕግሬድ ሲመጣ የሴኪዩሪቲ ዲፎልቱን፣ ማለትም ሳንነካው አብሮ የሚመጣውን ሴቲንግ፣ ማጥበቅ አለበት ትላላችሁ?

ሰርቨር ጠባቂው፦ አለበት እንጂ! የከለከለህ አፓርሞር፣ ፕሮግራሞች ምን እንደሚፈቀድላቸው የሚቆጣጠረው የኡቡንቱ ክፍል ነው። በ24.04 ማንም ተራ ፕሮግራም የራሱን ዩዘር ኔምስፔስ (ለብቻው የተከለለ የተጠቃሚ ክልል) ከፍቶ እዚያ ውስጥ የሩት፣ ማለትም የሙሉ አስተዳዳሪ፣ ሥልጣን መያዝ አይችልም። የፕሮግራምህ ሳንድቦክስ የሚቆመው ደግሞ በዚህ ነው። በሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ላይ ከተገኙት ቀዳዳዎች ብዙዎቹን መጠቀም የሚቻለው በዚሁ በኩል ነበር። እስቲ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ በራሱ ፈቃድ የሚያጠብቅ ሰው ስንት አለ? ዲፎልቱ ካላጠበቀ ማንም አያጠብቅም።

ተማሪዋ፦ ውጤቱን ግን እየው። መፍትሔ ሲፈለግ ቶሎ የሚገኘው ምክር «ያለ ሳንድቦክስ አስነሣው» የሚል ነው። ሰዉ ኮፒ ፔስት ያደርጋል፣ ይከፈትለታል፣ አለቀ። ከርነሉን እንጠብቅ ተብሎ ፕሮግራሙ የራሱን መከላከያ አወለቀ። የባሰበት ደግሞ በአንድ መስመር ትእዛዝ ገደቡን ከነጭራሹ ከማሽኑ ያጠፋዋል። ታዲያ ምኑን ጠበቀ?

ሰርቨር ጠባቂው፦ እሱ ስንፍና ነው። ለዚያ ፕሮግራም ብቻ አጭር የአፓርሞር ፕሮፋይል (የፈቃድ ፋይል) ይጻፍለታል። ክሮም ምንም ያልሆነው ፕሮፋይሉ አብሮ ስለመጣ ነው።

ተማሪዋ፦ እሺ፣ ለእናቴ ደውልና ፕሮፋይል አጻጻፍ አስረዳት! ደግሞም ፕሮፋይሎቹ ራሳቸው ቀዳዳ ሆነዋል። በማርች 2025 የሴኪዩሪቲ ኩባንያው የኳሊስ ተመራማሪዎች ገደቡን ማለፊያ ሦስት መንገድ አሳይተዋል። ሦስቱም የሚያልፉት ሰፊ ፈቃድ በተሰጣቸው ፕሮፋይሎች ነው።

ሰርቨር ጠባቂው፦ አልፈውም ቢሆን የከርነል ቀዳዳ ያስፈልጋቸዋል። አንድ በር ተጨመረባቸው፣ ጥሩ ነው።

የላብ ኃላፊው፦ ልጆች፣ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። እዚህ ላይ እንዲህ የሚጨክነው ኡቡንቱ ፋየርዎሉን (ከኔትወርክ የሚመጣውን የሚያጣራውን) ጭኖ አጥፍቶ ነው የሚሰጠን። ይሄ ምን የሚሉት ጥበቃ ነው?

ሰርቨር ጠባቂው፦ ጋሼ፣ ዴስክቶፑ አዲስ ሲጫን ከጥቂት የኔትወርክ አገልግሎቶች በቀር ከውጭ ግንኙነት የሚቀበል ፖርት (የግንኙነት በር) ክፍት አይተውም። ዳታቤዝ እንኳ ቢጭኑ፣ ማሪያዲቢ ለምሳሌ፣ ዲፎልቱ ከዚያው ማሽን ብቻ እንዲደረስበት ነው።

የላብ ኃላፊው፦ በዶከር፣ ፕሮግራምን በኮንቴይነር ለይቶ በሚያስኬደው፣ ስጭነውስ? ዶከር እኮ አይፒቴብልስን (የፋየርዎሉን ሕጎች) ራሱ ነው የሚጽፈው። ፖርቱን ፐብሊሽ ካደረግህ (ለውጭ ከከፈትከው) ፋየርዎሉ «ዝግ ነው» እያለህ ዳታቤዙ ለኢንተርኔት ተጋልጦ ይቀመጣል። ሰርቨሩ ፐብሊክ አይፒ ካለው ማንም ያንኳኳዋል። ፐብሊሽ ስታደርግ 127.0.0.1 (የማሽኑ የራሱ የውስጥ አድራሻ) ብለህ ካላሰርከው በቀር ማለቴ ነው። ይህን ደግሞ ጀማሪ አያውቀውም። ማጥበቅ ከተፈለገ እዚህ ጋ ነበር።

ሰርቨር ጠባቂው፦ እሱስ ልክ ነዎት። ጥፋቱ ግን የኡቡንቱ ብቻ አይደለም።

ጠያቂው፦ እኔ ማጥበቁን አልጠላሁም፤ ዝም ብሎ ማጥበቁን ነው። ኮንፊግ ፋይል ነካክተህ ከሆነ እኮ አፕግሬዱ ቆሞ ይጠይቅሃል፦ ያንተን ላቆየው ወይስ አዲሱን ላስገባ? ያንተን ማቆየት ነው ዲፎልቱ። ለዚህስ ለምን «ይህን ልዘጋ ነው፣ እነዚህ ፕሮግራሞችህ ሊቆሙ ይችላሉ» አይለኝም?

ሰርቨር ጠባቂው፦ ከአዲሱ ቨርዥን ጋር በሚወጣው መግለጫ፣ በሪሊዝ ኖቱ፣ ላይ ተጽፏል።

ተማሪዋ፦ ማን አንብቦት?

ጠያቂው፦ ለላፕቶፑ ፕሮፋይሉን እጽፋለሁ። ሰርቨሩን ግን 22.04 ላይ እተወዋለሁ፤ መደበኛ ድጋፉ እስከ 2027 እ.ኤ.አ. አለ።

ሰርቨር ጠባቂው፦ ተወው። አውቶማቲክ አፕዴቱን ብቻ እንዳትነካው። ደግሞ ያኔም ማጥበቁ አይቀርልህም!